ወይዘሮ አይናለም የእመቤት የሺሃረግን አፍ ያስከፈቱበት ዜና

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ሰባ አራት ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ አብዮት በፈነዳ በስምንተኛው ዓመት፣ ወይዘሮ አይናለምም ወደ አቶ ኃይለየሱስ ቤት በገቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ ቁልቁል በሚመለከታት በአሰላ ከተማ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በስተጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንጽፋለን። ስለ ጦርነትና ስለ ከተማ መፍረስ የጻፉ ብዙዎች ናቸውና፤ ስለ ጉርሻ ግን የጻፈ አላገኘንም።

አስቀድመን የወይዘሮ አይናለምን ነገር እንናገር። እኒህ ሴት የበቆጂ ተወላጅ፣ ዕድሜያቸው ሃያ ሦስት፣ ትዕግሥታቸው ብዙ፣ ቃላቸው ጥቂት፣ በታላቅ ሰው ፊት ዐይናቸውን የማያነሡ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከድስት ክዳን ድምፅ የማይበልጥ ነበሩ። ባላቸው አቶ ኃይለየሱስ፣ ነጂ ኮምባይነር፣ ድል ነሺ ስንዴ፣ አስደንጋጭ ገብስ፣ በመንግሥት እርሻ የሚያገለግሉ ስለ ነበሩ፣ የአጨዳ ወራት በቀረበ ጊዜ ቤታቸውን ትተው ወደ ኦጎልቾ ሜዳ ይወርዱ ነበር። የፊተኛይቱ ሚስታቸው ከሁለት ዓመት በፊት ሲያርፉ አንዲት ሴት ልጅ ትተው ነበር። እርሷም እመቤት የሺሃረግ ናት፤ ወይም በዜና ጸሐፊዎች ሥርዓት እንድንናገር፣ ናቸው።

እመቤት የሺሃረግ በዚያ ዘመን አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸው፣ ቁመታቸው ከውሃ በርሜል ያነሰ፣ ሥልጣናቸው ግን ከቀበሌው ሊቀ መንበር የበለጠ ነበር። ግዛታቸው ነጭ ነገር ሁሉ ነው። ወተት ይጠጣሉ፤ ስልባቦት የያዘ እንደ ሆነ ግን ይመልሳሉ። ዳቦ ይበላሉ፤ ቅርፊቱ እስኪላጥ ድረስ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ድንች ይወዳሉ፤ ብቻውን፣ ያለ ዘመድ አዝማድ፣ በሰሐን መካከል የተቀመጠ እንደ ሆነ። ሽሮ ስለሚቀላ፣ ጎመን ስለሚረዝም፣ ገንፎም በመካከሉ ባለው የቅቤ ጉድጓድ እንደ ዐይን ሆኖ ስለሚያያቸው፣ ሦስቱም ከግዛታቸው ተሰደዋል። አንዲት የሽሮ ጠብታ ድንቹን የነካች እንደ ሆነ ማዕዱ ሁሉ ይረክስ ነበር፤ እርሳቸውም በርጩማቸው ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ ያውጁ ነበር፦ «ነክቶታል! ነክቶታል! በቃ አልበላም!»

ነገር ግን ይህ ሁሉ ግርማ እንቅልፍ ሲመጣ ያበቃል። የወይዘሮ አይናለምን ጆሮ በሁለት ጣት ሳይዙ አይተኙም ነበርና። ወይዘሮ አይናለምም ጆሯቸውን ለያዙት ለእነዚያ ሁለት ጣቶች ሲሉ ብዙ መከራ ይቀበሉ ዘንድ ዝግጁ ነበሩ።

ወእምዝ፣ በመስከረም ዐሥራ ሰባት፣ በበዓለ መስቀል፣ የእመቤት የሺሃረግ ሴት አያት፣ የሟቿ እናት ወይዘሮ ተሻለች፣ በሁሩታ የተፈሩና የተከበሩ፣ በአውቶቡስ ተጭነው መጡ። የልጅ ልጃቸውንም አቅፈው፣ ከሕፃኗ አንገት ሥር የወጣችውን አጥንት በጣታቸው ዳሰሱና፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ ለወይዘሮ አይናለም እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«ስሚ አንቺ ልጅ! ክፉ ነሽ አላልኩም። ግን ሰው ምን ይላል? የልጄ ልጅ ባዳ ቤት አጥንቷ ወጣ አይልም? ለኅዳር ሚካኤል እመለሳለሁ። ይቺ አጥንት ሥጋ ካልለበሰች የሺን ሁሩታ እወስዳታለሁ። እኔ ሳጎርሳት እንዴት እንደማትውጥ አያለሁ!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ወይዘሮ አይናለም ያችን አጥንት በቀን ሦስት ጊዜ ያዩአት ነበር፤ እርሷም በቀን ሦስት ጊዜ በስፍራዋ ነበረች።

የመጀመሪያውን ዘመቻ ብቻቸውን ዘመቱ። ቅቤ የገባበት ሽሮ በማንኪያ ይዘው፣ ማንኪያውን በአየር ላይ እያዞሩ፣ «አውሮፕላን መጣ፣ በሩን ክፈቱለት!» ብለው ዐወጁ። እመቤት የሺሃረግም አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ በጣቶቻቸው መካከል፣ «እዚህ ሞልቷል! ጎባ ይረፍ!» ብለው አሰናበቱት። በሁለተኛው ቀን የግቢው ጎረቤት አስያ፣ የባለ ሱቁ የረዲ ሚስት፣ ድምፀ ነጎድጓድ፣ ልበ ቅቤ፣ ለእርዳታ ደርሳ በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና፣ «ካልበላሽ ጅብ ይመጣል! ይኸው እየመጣ ነው!» ስትል አስፈራራች። እመቤት የሺሃረግም ጥቂት አስበው፣ «ይምጣ፤ ሽሮውን እሱ ይብላው!» ሲሉ ፈረዱ። አስያም ጅቡን ይዛ ከአጥሩ ወረደች።

ወይዘሮ አይናለም በዚህ ጊዜ ከግቢው ታላላቆች ጋር ተማከሩ፤ ምክሩም ወደ ታላቁ ስሕተት መራቸው። በጥቅምት ስምንት፣ በዕለተ እሑድ፣ ሠራዊቱ ሁሉ ተሰበሰበ። የመጡትም እነዚህ ናቸው፦ አስያ፣ ቅንጬ በቅቤ ይዛ፤ ወይዘሮ በቀለች፣ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ባለ ማኅተም፣ ጨጨብሳ በማር ይዘው፣ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ስላለባቸው የተተኮሰ ነጠላ ለብሰው፤ ሁሴኖ፣ የቀበሌው ጥበቃ፣ ባለ ምንሽር፣ ከፈረንጅ ላሙ ወተት የረጋ እርጎ ይዞ፤ ሁለት የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎች፣ ባዶ እጃቸውን ግን በብዙ ንድፈ ሐሳብ፤ አንዲትም ወንፊት ለመዋስ የመጣች ሴት፣ ነገሩን አይታ የቀረች።

አንባቢ ሆይ፣ የአገሩን ሕግ ታውቃለህ። እጅ ከተዘረጋ አፍ መከፈት አለበት፤ ጉርሻ የመለሰ ሰውን ንቋል። ስለዚህ ከእነዚህ አንዳቸውም እጃቸውን አስቀድመው ሊያጥፉ አልወደዱም፤ ቀድሞ ያጠፈ የተናቀው እርሱ ነውና። ከወይዘሮ አይናለም እጅ ጋር ሰባት እጆች በአንዲት ትንሽ አፍ ዙሪያ ተዘርግተው ቆሙ። «በእኔ ሞት!» «በእኔ ሞት!» የሚለው መሐላ በግቢው ሰማይ ላይ ተጋጨ። እመቤት የሺሃረግም ወደ ቀኝ ሲሉ ቅንጬ፣ ወደ ግራ ሲሉ ጨጨብሳ፣ ወደ ላይ ሲሉ የሁሴኖ ጢም አገኛቸውና ለማልቀስ አፋቸውን ከፈቱ፤ በዚያችም ቅጽበት የወይዘሮ በቀለች ጉርሻ፣ እንቁላል የምታህል፣ ገባች። ሠራዊቱም እልል አለ።

ወዮ ለፈጣን እልልታ! ጉርሻይቱ በግራ ጉንጭ ውስጥ የአንድ ስብሰባ አጀንዳ ተነብቦ እስኪያልቅ ያህል ተቀመጠች፤ ከዚያም ከቁርሱ ወተት ጋር ሆና በተተኮሰው ነጠላ ላይ ተመለሰች። ወይዘሮ በቀለችም ስብሰባውን በአስያ ነጠላ መሩ። ከዚህም የከፋው፣ እመቤት የሺሃረግ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ድንቹን እንኳ ከሰው እጅ አልቀበልም አሉ። ወተቱንም ገፉ። የሰው እጅ ወደ ፊታቸው በቀረበ ቁጥር፣ አፍንጫቸውን ሊጠርግ የመጣ ቢሆን እንኳ፣ ከአልጋ ሥር ይገቡ ነበር። አጥንቲቱም ከቀድሞው ይልቅ ጎልታ ታየች።

በማግሥቱ ወይዘሮ አይናለም ባልዲ ይዘው ወደ ቦኖ በወረዱ ጊዜ፣ በሰልፉ መካከል ማን እንደ ተናገረው ያልታወቀ ቃል ሰሙ፦ «ልጅ አይሳሳትም። የእንጀራ እናት እጅ መሆኑን ያውቃል።» ተራቸው ሲደርስ ባልዲውን ሞልተው፣ ግማሹን በመንገድ እያፈሰሱ ተመለሱ።

ወእምዝ፣ በጥቅምት ዐሥራ ሰባት፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ የነገሩ መለወጫ ሆነ። በዚያች ቀን ሁሴኖ፣ ለአቶ ኃይለየሱስ የገባውን ቃል ሊፈጽም፣ ምንሽሩን ከግድግዳ አስደግፎ የማድ ቤቱን ግድግዳ ጭቃ ይመርግ ነበር። እስከ ክርኑ ጭቃና ጭድ ሆኖ፣ የምሳ ሰዓት ደረሰ። ቦኖው ግን ከጠዋት ጀምሮ ደርቆ ነበር። በቤትም ካለው ውሃ በጆግ ውስጥ የቀረችው ለአንዲት ትንሽ እጅ መታጠቢያ ብቻ የምትበቃ ነበረች። ሁሴኖም ሁለት እጆቹን እንደ ተማረከ ሰው ወደ ላይ አንሥቶ ዐወጀ፦ «ረሃብ ገደለኝ! ምሳ አለ፣ አፍ አለ፣ እጅ ግን የለም። ወገን ካለኝ ያጉርሰኝ!»

ጭንቅ ሆነ። አስያ በሱቅ ነበረች። ወይዘሮ አይናለም፣ ባላቸው በኦጎልቾ ሳሉ፣ ሌላ ወንድ በእጃቸው ቢያጎርሱ የቦኖው ሰልፍ ምን እንደሚል ያውቁ ነበር። የሠራን ሰው ሳያበሉ መመለስም ሌላ ነውር ነው። በሁለት ነውር መካከል ቆመው ሳሉ ዐይናቸው በርጩማው ላይ ወደ ተቀመጡት ወደ እመቤት የሺሃረግ ሄደች። የቀረችውንም ውሃ በእነዚያ ትንንሽ እጆች ላይ አፍስሰው፣ የሽሮውን ሰሐን ከፊታቸው አኖሩና፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «የሺዬ፣ ጋሽ ሁሴኖ እጅ የለውም። አንቺ አጉርሺው» ሲሉ ሾሟቸው።

እመቤት የሺሃረግ ሽሮውን አዩ። ሁሴኖንም አዩ። እነሆ አንድ ትልቅ ሰው በፊታቸው ተንበርክኮ ጉርሻ ይለምናል፤ ሌላ ጊዜ ሁሉ የሚለመኑት እርሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ተነሥተው ቆሙና የመጀመሪያውን የሹመት ቃላቸውን ሰጡ፦ «አፍህን ክፈት! በደንብ! አንድ ጥርስህ የት ሄደ?» ሁሴኖም በኦሮምኛ «ቶሌ፣ ቶሌ»፣ እሺ እሺ፣ ብሎ እንደ ጎተራ በር ከፈተ።

የመጀመሪያይቱ ጉርሻ በጢሙ ላይ ቀረች። ሁለተኛይቱ ግማሿ ገባች። ሦስተኛይቱ ግን ሙሉዋን ገብታ፣ የእመቤት የሺሃረግ ጣቶች እስከ አንጓቸው አብረው ገብተው ወጡ። ሁሴኖም፣ «ጨምሪ! እስካሁን የገባው ለጢሜ ነው፤ ሆዴ ገና አልሰማም!» ብሎ ዐወጀ። እርሳቸውም ጨመሩ፤ ሲያኝክ እየጠበቁ፣ ሲውጥ ጉሮሮውን እየተመለከቱ፣ ቸኩሎ እንደ ሆነ «ቀስ!» እያሉ እየገሠጹ፣ ሰሐኑን ወደ እኩሌታ አደረሱት።

በዚያን ጊዜ ጣቶቻቸውን ተመለከቱ። ሦስቱ ቀልተው ነበር። በቀሚሳቸው እንዳይጠርጉ ቀሚሱ ትናንት ታጥቧል። በሁሴኖ እንዳይጠርጉ ሁሴኖ ጭቃ ነው። ውሃም አልቋል። ብዙ አሰቡ። ከዚያም ዘወር ብለው፣ ማንም እንዳያያቸው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ትንሿን ጣት ላሱ። ቆይተው ሁለተኛይቱን። ሦስተኛይቱን ሲልሱ አልተደበቁም።

ወይዘሮ አይናለም አይተዋል። እልል አላሉም። «ጎሽ» አላሉም። ፊታቸውን ወደ አዲሱ ምርጊት አዙረው፣ ስለ ጭቃው አቦካክ ሁሴኖን እንደሚያመሰግን ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዐይናቸውም በጭስ እንደ ተነካ ሰው ዐይን ነበር፤ እሳት ግን አልነደደም። ከዚያም ሲመሽ አስያን፣ ወይዘሮ በቀለችንና ሁሴኖን ሰብስበው፣ በሕይወታቸው የመጀመሪያ የሆነውን አዋጅ ዐወጁ፦

«እባካችሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሺን ማንም ‹ብዪ› እንዳይላት። ጉርሻ ይዞም እንዳይከተላት። ብትበላም ‹ጎበዝ› እንዳትሏት። ምግቡ ይቀርባል፤ እኛም አብረን እንበላለን፤ እንዳላየን እንሁን።»

አስያም፣ «አላህን! ይሄ የየት አገር ሕግ ነው? ልጅ ስትራብ ቆመን እንይ?» ብላ ታምፅ ዘንድ ወደደች፤ የሁሴኖን ምስክርነት በሰማች ጊዜ ግን ገበረች። ከዚያ በኋላ በማዕድ ሰዓት «ብዪ» የምትለዋ ቃል በጉሮሮዋ በመጣች ቁጥር የሻሿን ጫፍ ትነክስ ነበር፤ በወሩ መጨረሻም የሻሹ ጫፍ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በየዕለቱ እንጽፋለን። በጥቅምት ዐሥራ ስምንት የሽሮ ጣት ተላሰ። በሃያ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል እንጀራ ከሰሐን ጠፋች፤ ማንም አልጠየቀም። በሃያ ሦስት ድንችና ሽሮ በአንድ ሰሐን ላይ ተነካኩ፤ እመቤት የሺሃረግም ለረጅም ጊዜ አዩአቸው፤ ከዚያም ድንቹን ከነሽሮው አነሡት። ይህም የድንችና የሽሮ እርቅ ተብሎ ይታወቃል። በሃያ ሰባት ግን ወይዘሮ አይናለም በድል ተደፋፍረው ጎመን አቀረቡ፤ «ጎመን የላም ነው!» የሚል አዋጅ ወጣ፤ ሰሐኑም ከነጎመኑ ከበርጩማው ሥር ተገኘ። ጎመን ይህ ዜና እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ ያልገበረ አገር ነው፤ አንሸሽገውም።

ሁሴኖም በየቀኑ ምሳ ሰዓት፣ እጁ ንጹሕ ሆኖ ሳለ እንኳ፣ ወደ ኋላ ደብቆት ይመጣ ጀመር። እመቤት የሺሃረግም የግቢው አጋፋሪ ሆኑ፤ አንዱን ለእርሱ፣ አንዱን ለራሳቸው እያሉ፣ ሳያውቁት በሥርዓት ይበሉ ነበር።

ወእምዝ፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት፣ በዓለ ሚካኤል፣ ቅዳሜ ደረሰ። ወይዘሮ አይናለም ማልደው ተነሥተው የድንች ወጥ በቅቤ ሠሩ፤ ሥጋ ቢሠሩ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ትሪ ላይ መቅረብ ስለማይችሉ፣ እመቤት የሺሃረግም የለመዱት ሠራዊት ሳይኖር እንዳይጨነቁ ፈርተው ነበርና። ሽንኩርት ሲከትፉም ጣታቸውን ሁለት ጊዜ ቆረጡ።

ወይዘሮ ተሻለች በአራት ሰዓት ገቡ፤ በክንዳቸው ዶሮ፣ በእጃቸው የቅቤ ጣሳ። ዶሮዋን ከደጅ አሰሩ፤ ሳይቀመጡም የልጅ ልጃቸውን አቅፈው፣ ጣታቸውን ከአንገት በታች ሰደዱ። አጥንቲቱ በስፍራዋ ነበረች። የሃያ አምስት ቀን ጉርሻ ጉንጭን ሞልቷል፣ ቀለምንም መልሷል፤ ያችን አጥንት ግን አልሸፈነም።

ወይዘሮ ተሻለችም፣ «ይቺው አለች! እንደ ተውኳት! ቃል ቃል ነው፤ ልብሷን እሰሪ፣ የስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጠን» ሲሉ ዐወጁ። ወይዘሮ አይናለምም ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ቀይ ሹራብ፣ አንድ ጥንድ ካልሲ፣ በሻሽ ቋጠሩ፤ ፈቱ፤ ካልሲውን አጣጥፈው እንደገና ቋጠሩ። ከዚያ፣ እንግዳ ሳይበላ አይሄድምና፣ ማዕዱ ቀረበ።

ሁሉም በትሪው ዙሪያ ተቀመጡ። ወይዘሮ ተሻለችም እጃቸውን ታጥበው፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ አበጁ፤ ፍቅርም፣ ቁጭትም፣ የሟች ልጃቸው ናፍቆትም ተጠቅልሎባት የጎልማሳ ጡጫ ታህል ነበር። ወደ እመቤት የሺሃረግም ዘረጉ፣ «በእኔ ሞት!» ሲሉ።

እመቤት የሺሃረግ አፋቸውን ዘጉ። ከንፈራቸው ነጣ። አስያ የሻሿን ጫፍ ፈለገች፤ አላገኘችም። ሁሴኖ አንገቱን ደፋ። የጥቅምት ስምንት ቀን ሙሉዋን ልትመለስ አንዲት ትንፋሽ ቀራት።

በዚያን ጊዜ ወይዘሮ አይናለም፣ በታላቅ ሰው ፊት ዐይናቸውን የማያነሡት፣ ዐይናቸውን አነሡ። ድምፃቸውም ያው የድስት ክዳን ድምፅ ነበር፤ ቤቱ ግን ሁሉን ሰማ፦ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጅዎን ይመልሱ። ይተዉላት።»

እንዲህ ያለ ቃል ምራት መሰል ለአማት መሰል ስትናገር በአሰላ ተሰምቶ አይታወቅም። የወይዘሮ ተሻለች እጅ በአየር ላይ ቀረ፤ አይሄድም፣ አይመለስም። ወጡ በጣታቸው መካከል ወደ ክንዳቸው ይንጠባጠብ ጀመር። ሁሉም የሚመጣውን መብረቅ ጠበቁ።

እመቤት የሺሃረግ ያን የቆመ እጅ አዩ። ወደ እርሳቸው እንደማይመጣ በተረዱ ጊዜ ትከሻቸው ወረደ። ከዚያም፣ ማንም ሳይላቸው፣ ወደ ትሪው ጎንበስ ብለው እንጀራ ቆረሱ፣ ከወጡ ጠቀሱ፣ ከነድንቹ ወደ አፋቸው አስገቡ፣ አኘኩ፣ ዋጡ። ፊታቸውንም አኮማትረው፣ ለመላው ቤት እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«ጨው የለውም! የትናንቱ ነበረው። የትናንት ወዲያውም ነበረው። ይሄ ግን የለውም!»

ወይዘሮ አይናለም እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። እውነት ነበር። በፍርሃት ብዛት ረስተውት ነበር።

ወይዘሮ ተሻለችም ያችን በአየር የቀረች ጉርሻ ቀስ ብለው መለሱና ወደ ራሳቸው አፍ አገቡ። ቤቱ ሁሉ መንጋጋቸውን ይመለከት ነበር። ብዙ አኘኩ። ሲጨርሱ ዐይናቸው በአጥንቲቱ ላይ ነበረ፤ ድምፃቸውም እንደ መጡበት ጊዜ አልነበረም፦

«ፍርዴን ስሙ። ልጅቱ እውነቷን ነው፤ ጨው የለውም። የትናንቱን ከትናንት ወዲያው ለይታ የምታውቅ ምላስ ደግሞ በዚህ ቤት ጦሟን አላደረችም። አጥንቷ የእናቷ አጥንት ነው። እናቷም እዚያው ላይ ነበረቻት፤ ዘጠኝ ዓመት አባብዬ፣ ለምኜ፣ ገርፌ ባጎርሳት አልሸፈንኳትም። አንቺ ልጅ፣ ቋጠሮውን ፍቺ። ከዚያ በፊት ግን ጨው አምጪ!»

እመቤት የሺሃረግም ጨውን እኔ አመጣለሁ ብለው ከማድ ቤት ሮጠው አመጡ፤ በሦስት ጣትም በተኑት፤ ብዛቱ ለአንድ ሠርግ የሚበቃ ነበር። ሁሉም በሉ። ሁሴኖ እያለቀሰ በላ፤ ከጨው ነው አለ። አስያም፣ አዋጁ በይፋ ስላልተነሣ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ሦስት ሰው የሚያህል በላች።

ስለዚህ ምስጋና ለወይዘሮ አይናለም ይሁን፤ ለትዕግሥተኛይቱ፣ ለዝምተኛይቱ፣ በቦኖ ሰልፍ ተሰድበው ባልዲያቸውን ላልጣሉት። ሌሎች አገርን የያዙት እጃቸውን በመዘርጋት ነው፤ እርሳቸው ግን እጃቸውን በመሰብሰብ አንዲት አፍ አስከፈቱ። ሌሎች ድላቸውን በነጋሪት አስጎሰሙ፤ የእርሳቸው ድል የተነገረው ወጣቸው በሰው ፊት በተነቀፈ ጊዜ ነው፤ እንደዚያች ነቀፋ ያለ ዘውድም በነገሥታት ራስ ላይ አልተደፋም። በጥንት ዘመን ሕዝብ በልቶ በጠገበ ጊዜ ዐሥራ ሁለት መሶብ ቁርስራሽ ተነሣ ተብሎ ተጽፏል፤ በኅዳር ሚካኤል ቀን በአሰላ ግን ከዚያ ትሪ ላይ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ አልተነሣችም።